ለንደን በአድሚራል ቢንግ ስትስቅ

ክርክር

ጥያቄው ይህ ነው። ክብሩን ባጣ የጦር አዛዥ ላይ የሚጻፍ ስላቅ ፍትሕን ያግዛል ወይስ ያበላሻል? ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ሰው ታሪክ ላይ ይከራከራሉ። ሰውየው የእንግሊዙ አድሚራል ጆን ቢንግ ነው። በ1756 በሜዲትራኒያን ባሕር ያለችውን፣ በእንግሊዝ እጅ የነበረችውን የሚኖርካን ደሴት ከፈረንሳይ ጦር እንዲያድን ተላከ፤ ሳያድናት ተመለሰ። አገሩ ዘፈነበት፣ ሣለበት፣ አሻንጉሊቱን አቃጠለ። በመጨረሻም በጥይት ተገደለ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቃዋሚዋ፦ የተሳቀው በመቀስ በተሠራ ሰው ላይ ነው

ከሳቁ በፊት ስለ ጦርነቱ ትንሽ ልበል። በቢንግ ከሳቁት ሰዎች ብዙዎቹ ጦርነቱን በቅጡ አያውቁትም ነበርና።

በ1756 መጀመሪያ ፈረንሳዮች ቱሎን ወደብ ላይ ጦር እያሰናዱ እንደሆነ ለንደን ወሬው ደርሷት ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኒውካስል መስፍን መንግሥት ግን ሌላ ነገር ፈርቷል። ፈረንሳይ እንግሊዝን ራሷን ትወራለች ብሎ መርከቦቹን አገር ቤት አቆያቸው። ሚኖርካ ትዝ ያለችው ከመሸ በኋላ ነው። ቢንግ በኤፕሪል ትልልቅ የጦር መርከቦች ይዞ ከፖርትስመዝ ወጣ። መርከቦቹ የሰው ኃይል ጎድሏቸዋል። አንዳንዶቹም በደህና ይዞታ ላይ አልነበሩም። ጂብራልታር ሲደርስ 15 ሺህ ገደማ የፈረንሳይ ወታደር ሚኖርካ ላይ ወርዶ ጠበቀው። በእንግሊዞች እጅ የቀረው ማሆን ወደብ አጠገብ ያለው የቅዱስ ፊልጶስ ምሽግ ብቻ ነው። ምሽጉን የያዘው ጄኔራል ብሌክኒ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነበር። ቢንግ ከጂብራልታር ወታደር እንዲወስድ ተነግሮታል። የጂብራልታሩ ገዥ ግን ለራሴም አይበቃኝ ብሎ ከለከለው።

ሜይ 20 ቀን ከፈረንሳዩ አድሚራል ከላ ጋሊሶኒዬር ጋር ገጠመ። ከፊት ያሉት የእንግሊዝ መርከቦች ቀድመው እሳት ውስጥ ገቡ። ኢንትሬፒድ የምትባለው ምሰሶዋ ተመትቶ ወደቀ፤ ከኋላዋ ያሉትን አተራመሰች። ቢንግ ራሱ ያለበት ራሚሊስ ወደ ኋላ ቀረ። ፈረንሳዮችም አላሳደዱም፤ መስመራቸውን አስተካክለው ራቁ። ከሁለቱም ወገን አንድም መርከብ አልሰመጠም። ከአራት ቀን በኋላ ቢንግ መኮንኖቹን ሰብስቦ መከረ፤ ወደ ጂብራልታርም ተመለሰ። ምሽጉ እስከ ጁን መጨረሻ ተንገታግቶ እጁን ሰጠ።

ቢንግ ጥፋት አለበት? አለበት። መመለስ አልነበረበትም። ይህን ለመሸፈን አልመጣሁም።

አሁን ወደ ሳቁ። ለንደን መጀመሪያ የደረሳት የቢንግ ደብዳቤ አይደለም። የፈረንሳዩ አዛዥ ሪፖርት ነው። መንግሥት የገዛ አድሚራሉን ቃል ሳይሰማ፣ በጠላት ወሬ ከቦታው አነሣው። ምትኩን አድሚራል ሆክን አንቴሎፕ በምትባል መርከብ ላከ። ሰዉም አንቴሎፕ ትንሽ ድፍረት ጭና ሄደች እያለ ተሳለቀ። ጥሩ ቀልድ ናት። ግን መሠረቷ የጠላት ወረቀት ነው።

ቀጥሎ የቢንግ ደብዳቤ መጣ። መንግሥት በጁን 26 በይፋዊ ጋዜጣው፣ በለንደን ጋዜት ላይ አወጣው። ሙሉውን ግን አይደለም። ለሚኒስትሮቹ የማይመቹት ቦታዎች ተቆርጠው ወጥተዋል። የቀረውን ያነበበ ሰው ቢንግን ሰበብ የሚደረድር ፈሪ አድርጎ ያየዋል። ስላቅ ጸሐፊዎቹ እጃቸው ላይ የነበረው ጽሑፍ ይሄ ነው። የሳቁት በመቀስ በተሠራ ሰው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ። ግጥሞች በየመንገዱ ተሸጡ። ቢንግ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያሳዩ ሥዕሎች ታተሙ። በየከተማው አሻንጉሊቱን የአድሚራል ልብስ አልብሰው እየጎተቱ አቃጠሉት። ሮተም ፓርክ የሚባለው ቤቱ በሕዝብ ተጠቃ። በየግድግዳው የተጻፈው መፈክር በእንግሊዝኛ ቤት ይመታል፤ ቢንግን ካልሰቀላችሁ ለንጉሣችሁ እወቁለት እንደ ማለት ነው። የለንደን ከተማ ሰዎች አቤት ሊሉ ሲሄዱ፣ ኒውካስል ወዲያው ይዳኛል፣ ወዲያው ይሰቀላል ብሎ እንደመለሰላቸው ይነገራል። ያን ጊዜ ችሎቱ ገና አልተሰየመም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ያለውን። ሕዝቡ ሚኒስትሮቹን መምታት ነበረበት። ሚኒስትሮቹ ዳውላውን አቀበሉት።

ችሎቱ ከዲሴምበር 1756 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1757 በፖርትስመዝ ወደብ፣ ሴንት ጆርጅ በምትባል መርከብ ላይ ተካሄደ። ዳኞቹ ራሳቸው የባሕር ሰዎች ናቸው። ፈሪ አይደለም አሉ። ከሃዲ አይደለም አሉ። የሚቻለውን ሁሉ አላደረገም በሚለው ብቻ ጥፋተኛ አደረጉት። የባሕር ኃይሉ የጦር ሕግ አንቀጽ 12 ለዚህ ከሞት ሌላ ቅጣት አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ሞት ፈረዱ፤ በዚያው ብዕር ምሕረት እንዲደረግለት ለመኑ። የባሕር ኃይሉን ከሚያስተዳድረው ቦርድ፣ ከአድሚራልቲው አባላት አንዱ የነበረው አድሚራል ፎርብስ የሞት ማዘዣው ላይ አልፈርምም ብሎ ተወ። ንጉሡ ጆርጅ ሁለተኛ ግን ምሕረቱን ከለከሉ።

ማርች 14 ቀን 1757፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሞናርክ በምትባለው መርከብ ላይ ቢንግ ትራስ ላይ ተንበረከከ። ዓይኑን መሸፈን አልፈለገም ነበር። የሚተኩሱት ወታደሮች ፊቱን አይተው እንዳይደናገጡ ሲሉት እሺ አለ። እነሱ እኔን አያስፈሩኝም ብሎም ጨመረ። መሐረቡን ሲጥል ተኮሱ። ከመሞቱ በፊት የሰጠው ወረቀት ላይ የተበደለና የተታለለ ሕዝብ ቁጣው ከእውነተኞቹ ባለጥፋቶች ላይ እንዲዞር የተመረጠ መሥዋዕት ነኝ ብሎ ጽፏል።

ቁጣውን ያዞረው ምንድን ነው? የጋዜጣው መቀስ ጀመረው። ሳቁ ጨረሰው።

ደጋፊው፦ ተኳሾቹ ዘፋኞቹ አይደሉም

እህቴ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመሐረቡ ነገር እኔንም ልቤን ይነካዋል። ግን አንድ ነገር አለፍ ብለውታል። ያለፉት ነገር ደግሞ ዋናው ነው።

ቢንግ መመለስ አልነበረበትም ብለው በአንድ መስመር አለፉ። እኔ እዚያ መስመር ላይ ልቁም። በሜይ 20 ቀን ከ40 በላይ እንግሊዛውያን ሞተዋል። አብዛኛው ዱላ ያረፈው ከፊት በነበሩት መርከቦች ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የራሚሊስ ካፒቴን ጋርዲነር መርከቦቹ ተሰልፈው የሚዋጉበትን መስመር ትተን በቀጥታ እንውረድባቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቢንግ እምቢ አለ። ምክንያቱን ስሙኝ። ከ12 ዓመት በፊት፣ በ1744፣ አድሚራል ማቲውስ ቱሎን ፊት ለፊት በተደረገ ውጊያ ጓዶቹን ሳያሰባስብ ወደ ጠላት ወረደ። በኋላ ተከሶ ከባሕር ኃይሉ ተባረረ። ከፈረዱበት ዳኞች አንዱ ቢንግ ነበር። እና ቢንግ በገዛ መርከቡ ላይ፣ ጥይት እየጮኸ፣ የማቲውስን ችሎት አስታወሰ። እኔ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም አለ።

ይሄ ፈሪ አያሰኘውም። ዳኞቹ ያሉት ልክ ነው። ግን ሰው እየሞተ ነገ ምን ብለው ይከሱኝ ይሆን ብሎ የሚያሰላ አዛዥ ለስላቅ ካልሆነ ማን ይሆናል? ሰላሳ ገጽ ዘገባ ይህን ስሕተት አይገልጸውም። አንዲት ሹል ቀልድ ትገልጸዋለች። ምሽጉ ውስጥ የነበረ ወታደር መርከቦቹ መጥተው ሲሄዱ አይቷል። የዚያ ወታደር እናት ደብዳቤ የሚያትምላት ጋዜጣ የላትም። ፓርላማ ውስጥ ወንበር የላትም። ቢንግ ግን ነበረው፤ የሮቸስተር ተወካይ ነበር። አባቱም ትልቅ አድሚራልና ባለማዕረግ ነበር። ስለዚህ እህቴ ሰውየውን ከመንገድ ዳር እንደተያዘ ምስኪን ባያሳዩን እወዳለሁ። ለዚያች እናት የመንገዱ ዘፈን ብቸኛው ፓርላማዋ ነው።

ገዳዩ ማነው ወደሚለው ልምጣ። አንቀጽ 12ን ያጠበቀው በ1749 የወጣው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤቱ ከሞት የቀለለ ቅጣት መምረጥ ይችል ነበር። ሕግ አውጪው ያንን በር ዘጋው። ዘፋኝ አልዘጋውም። ምሕረቱን ንጉሡ ከለከሉ። ከኒውካስል በኋላ በመጣው መንግሥት ዋናው ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ፒት የሕዝብ ምክር ቤቱ ወደ ምሕረት ያዘነብላል ቢላቸው፣ የሕዝቤን ስሜት ከምክር ቤቱ ውጭ ፈልግ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ አሉት።

እዚህ ላይ ሊሉኝ የሚችሉት ይገባኛል። ከምክር ቤቱ ውጭ ያለው ስሜት ያ ዘፈን አይደለም ወይ ይሉኛል። ነው። ግን ንጉሡ ሰው ናቸው፤ ጆሮ ብቻ አይደሉም። ሕዝብ ስላለ አደረግሁት የሚል ሹም ኃላፊነቱን ዘፋኝ ላይ እየጣለ ነው። እኛም እንቀበለው?

ደግሞም ሳቁ በቢንግ ላይ ብቻ አልቆመም። በመከር ወራት ሥዕሎቹ ወደ ኒውካስልና ወደ ጓዶቹ ዞሩ። ቢንግን የመሥዋዕት በግ አድርገው የሚያሳዩ ወጡ። በኖቬምበር 1756 ኒውካስል ከሥልጣን ወረደ። መቀሱን የያዘው መንግሥት በዚያው ሳቅ ተናጋ። ይህን ለምን ተዉት?

ተቃዋሚዋ፦ የወረደው ተመለሰ

አልተውኩትም። ለዚህ ቦታ ነው ያቆየሁት።

ኒውካስል በኖቬምበር 1756 ወረደ። እውነት ነው። በ1757 በጋ ግን ከፒት ጋር ተጣምሮ ወደ ሥልጣን ተመለሰ። መርከቦቹን ሲያደርስ የዘገየው አድሚራልቲ አለቃ ሎርድ አንሰንም በዚያው በጋ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ቢንግ ከተቀበረ ጥቂት ወራት ብቻ አልፈዋል። በሥዕል የተዋረዱት ሚኒስትሮች አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። በሥዕል የተሰቀለው አድሚራል ግን አልተነሣም። ያው ቀለም፣ ያው ወረቀት፣ ያው ሳቅ ነው። አንዱን አቆሰለው፤ ሌላውን ገደለው።

ልዩነቱ ከየት መጣ ካሉኝ፣ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛል። ኒውካስል ሲሳቅበት ወዳጅ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ መራጮች በእጁ ናቸው። ቢንግ ሲሳቅበት ግሪኒች ውስጥ በጥበቃ ሥር ታስሮ ነበር። የአባቱ ማዕረግ ከዚያ ክፍል አላወጣውም። የፓርላማ ወንበሩም አላወጣውም። እርስዎ የነገሩን ክብር ሁሉ ጁላይ ላይ አልቆ ነበር።

ስለ ማቲውስ የተናገሩት ግን ትክክል ነው። በጣምም አሳዛኝ ነው። እኔ ግን ከዚያው ታሪክ ሌላ ነገር እወስዳለሁ። ማቲውስ መስመር ሳይጠብቅ ተዋጋ፤ ተባረረ። ቢንግ መስመር ጠብቆ ተዋጋ፤ ተገደለ። አገር አንዱን አዛዥ በዚህ ሌላውን በዚያ ከቀጣች፣ ሦስተኛው አዛዥ ምን ያድርግ? ለስላቅ የሚሆነው ይህ ነበር። ደንቡ ራሱ፣ የሚጋጨው ትእዛዝ ራሱ ነበር መሳቂያው። በ1756 በጋ በመንገድ ላይ የተሸጡት ግጥሞች ግን ይህን አልፈለጉትም። መስመር፣ ደንብ፣ የማቲውስ ችሎት፣ ይሄ ሁሉ ከባድ ነው። ፈሪ ማለት ቀላል ነው።

ስላቅን የምወደው ከባዱን ነገር በአጭሩ ስለሚያሳየኝ ነው። ከባዱን ነገር ከዓይኔ ሲያርቅብኝ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ደጋፊው፦ ቮልቴርን ለምን ረሳነው?

እህቴ፣ ያሉት ስላቅ ተጽፏል። የጻፈው ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ቮልቴር በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ቢንግን ያውቀው ነበር። ችሎቱ ሲሰማ መጀመሪያ የሠራው ስላቅ አይደለም። ሚኖርካ ላይ የወረደውን የፈረንሳይ ጦር ያዘዘው የሪሽሊዩ መስፍን ስለ ቢንግ መልካም ምስክርነት እንዲጽፍ አደረገ። ደብዳቤውን ለቢንግ ላከው። ጠላት የጠላቱን አድሚራል ሊያድን ብዕር አነሣ። ይህን ሳነብ ሁሌም ይገርመኛል። ግን አልሠራም። ቁምነገሩ፣ ደብዳቤው፣ ምስክርነቱ፣ ሁሉም ከሸፈ።

ከዚያ በ1759 ካንዲድ የሚለው ልብ ወለዱ ወጣ። ባለታሪኩ ካንዲድ ፖርትስመዝ ይደርሳል። መርከብ ላይ አንድ ሰው ዓይኑ ታስሮ ተንበርክኳል። ወታደሮች ይተኩሱበታል። ምን አጠፋ ብሎ ይጠይቃል። በቂ ሰው አላስገደለም ይሉታል፤ ከፈረንሳዩ አድሚራል ጋር ሲዋጋ በቂ አልቀረበም። ካንዲድም የፈረንሳዩስ ከእርሱ የራቀው ያንኑ ያህል አይደለም ወይ ይላል። ልክ ነህ ይሉታል፤ ግን እዚህ አገር ሌሎቹን ለማደፋፈር አልፎ አልፎ አንድ አድሚራል መግደል ጥሩ ነው። ካንዲድ እንግሊዝ ምድር ላይ እግሬን አላሳርፍም ይላል።

ስንት መስመር ነው? ጥቂት ነው። እህቴ በብዙ አንቀጽ ያስረዱንን ሁሉ ይዟል። ሁለቱም አድሚራሎች እኩል ከተራራቁ ጥፋቱ የማነው የሚለውን፣ ዳኞቹ አንድ ወር ሙሉ የለፉበትን፣ አንድ ጥያቄ ውስጥ ከተተው። በሳውዝሂል የቢንግ መቃብር ላይ ለሕዝብ ፍትሕ ዘላለማዊ ውርደት የሚል ከባድ ቃል ተጽፏል። ቤተሰቡ ያስጻፈው እውነተኛ ቃል ነው። ግን ያንን ድንጋይ ስንት ሰው አየው? ፖርትስመዝ ላይ የቆመውን ካንዲድን ግን ስንት ሰው ያውቀዋል? ቢንግን ከመረሳት ያዳነው ስላቅ ነው። በ1779 ሕጉ ተሻሽሎ ዳኞች ሌላ ቅጣት መምረጥ ሲችሉ፣ የቢንግ ስም አሁንም በሰው አፍ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ስላቅ ብቻውን አደረገው አልልም። ስሙ እንዳይጠፋ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ተቃዋሚዋ፦ ጅብ ከሄደ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ካንዲድ የወጣው ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቮልቴርን አልወቅስም። በሕይወት ሳለ የሚችለውን ሞክሯል፤ ያንን በክብር እይዛለሁ። ግን ለቢንግ የሞከረለት ቁምነገሩ ነው። ስላቁ የደረሰው ለእኛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይሄ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ያ መስመር፣ ሌሎቹን ለማደፋፈር የሚለው፣ ዛሬ እንዴት እንደሚነገር ልብ ብለዋል? ቮልቴር ጭካኔን ለማጋለጥ ጻፈው። ዛሬ ግን ብዙዎች አንድ ሹም ሲባረር፣ አንድ አሠልጣኝ ሲሰናበት፣ እንደ ጥሩ ዘዴ ይጠቅሱታል። ለሌሎቹ ትምህርት ይሁን እያሉ። አንዳንድ የባሕር ኃይል ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መኮንኖች ከጠላት መሸሽን ከሞት በላይ መፍራት ጀመሩ፣ ግድያው በእርግጥም አደፋፈራቸው ይላሉ። ይህ ክርክር ውስጥ አልገባም። የምለው፣ ስላቁ ጥርሱ ወልቆ የገዳዮቹ ምክንያት ሆኗል። የመቃብሩ ድንጋይ ግን እንዲያ ተገልብጦ አይነበብም። ለሕዝብ ፍትሕ ውርደት የሚለውን ማንም ለሙገሳ ሊጠቅሰው አይችልም።

ስለዚህ ስንት ሰው አነበበው ከሚለው በፊት፣ ያነበበው ሰው ምን ገባው ልበልዎት።

ይከልከል እያልኩ አይደለም። ስላቅን መንግሥት ሲከለክል ያየ ሰው ይህን አይመኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይሄ ሰው መልስ መስጠት ይችላል ወይ ይበል። በጁላይ 1756 ቢንግ አይችልም ነበር። ደብዳቤው ተቆርጧል። እሱ ታስሯል። ችሎቱ አልተሰየመም። በዚያ ጊዜ አንድ አሻንጉሊት ማቃጠል ምን ድፍረት ይፈልጋል?

ደጋፊው፦ በጁን የሳቀ ሰው

ጥያቄዎ ከባድ ነው። በቀጥታ ልመልስ።

የአሻንጉሊቱን ነገር አልከራከርም። ቤቱን ማጥቃትም ስላቅ አይደለም። ያንን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ፈሪ የሚለው ቃልም ሐሰት ነበር፤ ዳኞቹ መልሰውታል።

መልስ መስጠት ይችላል ወይ የሚለውን መለኪያዎን ግን ሙሉ በሙሉ መቀበል አልችልም። ለምን መሰልዎት? ሹማምንት ይሄን መለኪያ ይወዱታል። ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው፣ ሰውየው በሕግ ጥላ ሥር ነው፣ አሁን አትናገሩ ይላሉ። በጁን 1756 ለንደን ዝም ብትል ኖሮ ማን ይጠቀም ነበር? ቢንግ ብቻ አይደለም። ኒውካስልም ይጠቀም ነበር። ደሴቲቱ እንዴት እንደጠፋች ማንም አይጠይቅም ነበር። በኋላ የፓርላማ ምርመራ የተደረገው ሰዉ ስለጮኸ ነው። ጩኸቱ መጀመሪያ በተሳሳተ ሰው ላይ ወደቀ። ጩኸት ባይኖር ግን ትክክለኛው ሰው ጋ የሚደርስበት መንገድም አይኖርም ነበር።

አዎ፣ ምርመራው ሚኒስትሮቹን አልጎዳም። ኒውካስልም አንሰንም ተመለሱ። ይሄ ያናድደኛል። ከእርስዎ ባላነሰ ያናድደኛል። ቤተሰቡ በ2007 ይቅርታ ጠይቆ የመከላከያ ሚኒስቴሩ እምቢ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ከ250 ዓመት በኋላ እንኳ አንድ ወረቀት መፈረም አቃታቸው።

እንዲህ ልመልስልዎ። እኔ በዚያ ዘመን የመንገድ ግጥም ጻፊ ብሆን፣ በጁን መጨረሻ እጄ ላይ ያለው ጋዜት ብቻ ነው። የተቆረጠ መሆኑን አላውቅም። እጽፍ ነበር። ምናልባትም ፈሪ እል ነበር። ይህን ለመካድ ራሴን አላታልልም። በመከር ወራት ግን የቢንግ ወገኖች የተቆረጡትን ቦታዎች አሳትመው አወጡ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰንም በመጽሔት ላይ ለቢንግ ተሟግቶ ጻፈ። ያን ጊዜ የተቆረጠው ሁሉ ለማንም የሚታይ ሆነ።

እኔ የምፈርደው እዚያ ላይ ነው። በጁን የሳቀውን ሰው አልከስም፤ ተታልሏል። በኦክቶበር መቀሱን አይቶ ያንኑ ግጥም እንደገና ያሳተመውን ግን ከእርስዎ ጋር ሆኜ እከሰዋለሁ። አንዳንዶቹ ብዕራቸውን ወደ ሚኒስትሮቹ አዞሩ። አንዳንዶቹ አላዞሩም፤ መስቀያው የበለጠ ይሸጥ ነበር።

ተቃዋሚዋ፦ አንድ መስመር ብቻ

እነዚያ ያላዞሩት ስንት ነበሩ የሚለው ላይ አንስማማም ብዬ እፈራለሁ። በዲሴምበር ችሎቱ ሲጀመር ቢንግ ገና የመንገድ ሳቅ ነበር። ንጉሡም በፌብሩዋሪ የሰሙት ያንን ሳቅ ነው። ወንድሜ ግን ኦክቶበርን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ጽሑፌ የማነሣው ከችሎቱ ዳኞች አንዱ የነበረውን ካፒቴን ኬፕልን ነው። ከፍርዱ በኋላ ከምስጢር መሐላዬ ፍቱኝና ልናገር አለ። የሕዝብ ምክር ቤቱ ሊፈታው ሕግ አሳለፈ። የሎርዶች ምክር ቤት ጣለው። ያ ሰው አፉን ከፍቶ ቢናገር ኖሮ ምን ይል ነበር የሚለው ነገር አያስተኛኝም።